ኤሌክትሮኑን በምን ላይ እንበትነው? የፓሪቲ ጥሰትን ለመለካት ዒላማ የመምረጫ መመሪያ

በኤሌክትሮን ብተና የፓሪቲ ጥሰትን፣ ማለትም ተፈጥሮ ግራና ቀኝን የምትለይበትን ክስተት፣ መለካት የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ላቦራቶሪ በመምረጥ ነው። ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ መሆን አለበት። አስቀድሞ መመረጥ ያለበት ዒላማው ነው፤ ላቦራቶሪው፣ የጨረሩ ኢነርጂ፣ የሥራው ዕድሜና ከቲዎሪ ባለሙያዎች ጋር የሚደረገው ክርክር ሁሉ ከዒላማው ይከተላሉ። ፈሳሽ ሃይድሮጅን የሚመልሰው ጥያቄ አለ፤ እርሳስ የሚመልሰው ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነው። መመሪያው የተጻፈው የፊዚክስ መሠረት ኖሮት የምርምር ርዕስ ለሚመርጥ፣ ወይም የወጡትን ውጤቶች እያነበበ የትኛው ምን ያህል እንደሚታመን መመዘን ለሚፈልግ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁሉም አማራጮች የሚጋሩት

ኤሌክትሮን ከዒላማው ጋር ሲገናኝ አቅጣጫውን የሚያስቀይረው ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሮማግኔታዊው ኃይል ነው። ይህ ኃይል ግራና ቀኝ አይለይም፤ ሂደቱ በመስታወት ውስጥ ቢታይም ሕጉ ያው ነው። ደካማው ኃይል ግን ይለያል። ሊ እና ያንግ በ1956 ጠረጠሩት፣ ዉ በኮባልት 60 ላይ ባደረገችው ሙከራ በ1957 ተረጋገጠ። በ1959 ደግሞ ዜልዶቪች ደካማው ኃይል በኤሌክትሮን ብተና ውስጥም ከኤሌክትሮማግኔታዊው ጋር ተደርቦ ምልክቱን ሊተው እንደሚችል አመለከተ። ዛሬ የዚያ ምልክት ምንጭ ደካማውን ኃይል ከሚያስተላልፉት ቅንጣቶች አንዱ የሆነው የዜድ ቦዞን ልውውጥ መሆኑን እናውቃለን።

አለካኩ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ስፒናቸው በጉዞ አቅጣጫቸው የተሰለፈ ኤሌክትሮኖችን ይልካሉ፤ ከዚያ ስፒኑን ገልብጠው እንደገና ይልካሉ። በሁለቱ ጊዜ የተበተኑትን ቆጥረው ልዩነቱን ለድምሩ ሲያካፍሉ አለመመጣጠን የሚባለውን ቁጥር ያገኛሉ። በዝቅተኛ የሞመንተም ዝውውር የዚህ ቁጥር መጠን በሦስት ነገሮች ብዜት ይገመታል፦ በሚሊዮን 90 ያህል የሆነ ቋሚ ቁጥር፣ በጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት የተለካው የሞመንተም ዝውውር በራሱ ተባዝቶ፣ እና የዒላማው ደካማ ቻርጅ (ከዜድ ቦዞን ጋር የሚተሳሰርበት መጠን) ከኤሌክትሪክ ቻርጁ ጋር ሲነጻጸር።

ምርጫውን የሚወስነው ሦስተኛው ነው። የፕሮቶን ደካማ ቻርጅ 0.07 ገደማ ብቻ ነው። የኒውትሮን ግን ወደ አሉታዊ 1 ይጠጋል። ስለዚህ ፎቶን ፕሮቶኖችን ሲያይ ዜድ ቦዞን የሚያየው ኒውትሮኖችን ነው። የኤሌክትሮን ደካማ ቻርጅም እንደ ፕሮቶኑ ኢምንት ነው። ኢምንትነቱ ደግሞ ጥቅም አለው፤ ቁጥሩ የሚመጣው ከ1 ላይ የዋይንበርግ ማዕዘን (ደካማውና ኤሌክትሮማግኔታዊው ኃይል የሚቀላቀሉበትን መጠን የሚናገረው ማዕዘን) ሳይን ስኩዌር አራት እጥፍ ሲቀነስ ስለሆነና አራት እጥፉ ወደ 0.95 ስለሚጠጋ፣ ማዕዘኑ ላይ የ1 በመቶ ለውጥ ቢኖር ደካማ ቻርጁ ከ10 በመቶ በላይ ይለወጣል። ትንሽ የሆነውን ነገር በመጠኑ ብቻ በደንብ የለካ ሰው ማዕዘኑን እጅግ በደንብ አወቀ ማለት ነው።

ዋጋውም ይታወቅ። የስታቲስቲክሱ ስህተት በተቆጠሩት ኤሌክትሮኖች ብዛት ካሬ ሥር ስለሚቀንስ፣ በቢሊዮን 1 ትክክለኛነት ላይ ለመድረስ ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ኤሌክትሮን መቀበል ያስፈልጋል። ከዚህ ስሌት የሚያመልጥ ዒላማ የለም።

ዲዩቴሪየም፦ ምልክቱ ትልቅ፣ ትርጉሙ የተቀላቀለ

ጨረሩ ከፍተኛ ኢነርጂ ኖሮት ኤሌክትሮኑ በቀጥታ ፕሮቶንና ኒውትሮን ከተሠሩባቸው ኳርኮች ጋር ሲጋጭ አለመመጣጠኑ ትልቅ ይሆናል። የመጀመሪያው ድል የተገኘውም በዚህ መንገድ ነው። በካሊፎርኒያ ስላክ ላቦራቶሪ የተካሄደው ኢ122፣ በቻርልስ ፕሬስኮት እየተመራ፣ በ1978 በዲዩቴሪየም ላይ ከአሥር ሺህ አንድ ያህል ልዩነት አሳየ። የኤሌክትሮኖቹ የስፒን አሰላለፍ 37 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ከ85 በመቶ በላይ የለመደ ሰው ይህን ሲያነብ ይገረማል።

ከዚያ ሙከራ ዘወትር ሊጠና የሚገባው ማረጋገጫው ነው። ጨረሩ ወደ ዒላማው ሲታጠፍ ስፒኑ ከኤሌክትሮኑ አቅጣጫ ቀድሞ ይዞራል፤ ምን ያህል እንደሚቀድም የሚወስነው ኢነርጂው ነው። ስለዚህ ኢነርጂውን ከ16.2 ወደ 17.8፣ ከዚያ ወደ 19.4 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ሲቀይሩት ምልክቱ መገልበጥ፣ መሃል ላይ መጥፋት፣ እንደገና ብቅ ማለት ነበረበት። እንደተጠበቀውም ሆነ። የመሣሪያ ጉድለት የፈጠረው ሐሰተኛ ልዩነት የስፒን ዙረትን እየተከተለ አይጨፍርም። በዚያው ዘመን በሲያትልና በኦክስፎርድ በቢስሙት አቶም ላይ የተደረጉት መለኪያዎች የሚጠበቀውን ውጤት ስላላሳዩ ደካማውንና ኤሌክትሮማግኔታዊውን ኃይል ያዋሃደው ቲዎሪ ተጠራጣሪ በዝቶበት ነበር፤ ኢ122 ክርክሩን ወደ አንድ ጎን አጋደለው። በቀጣዩ ዓመት የቲዎሪው ባለቤቶች ግላሾው፣ ሳላም እና ዋይንበርግ ኖቤል ተሸለሙ።

ይህን መንገድ ዛሬ መምረጥ የሚገባው ማነው? ጥያቄው ስለ ኳርኮች ደካማ ትስስር የሆነ ሰው። በቨርጂኒያ የሚገኘው ጄፈርሰን ላብ በ2014 ያሳተመው የዲዩቴሪየም ውጤት የኳርኮቹ የራሳቸው ግራና ቀኝ መለየት ከዜሮ የተለየ መሆኑን አሳይቷል፤ ይህን በኤሌክትሮን ብተና ከሌሎቹ ዒላማዎች ማውጣት አዳጋች ነው። ችግሩ የኑክሊዮኑ (የፕሮቶኑ ወይም የኒውትሮኑ) ውስጣዊ መዋቅር በየቦታው ጣልቃ መግባቱ ነው። ዲዩቴሪየም ፕሮቶንና ኒውትሮንን እኩል ስለሚይዝ ብዙው ውስብስብነት ይጠፋፋል፤ ሁሉም ግን አይደለም። ማዕዘኑን ብቻ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ አለ።

ሃይድሮጅን፦ ኢነርጂውን ዝቅ ያድርጉት

ከ1990ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካው ቤትስ፣ በጀርመኑ ማይንዝና በጄፈርሰን ላብ የተካሄዱት ሳምፕል፣ ኤ4፣ ሀፔክስ እና ጂ0 የተባሉት ሙከራዎች ሃይድሮጅንን የመረጡት በፕሮቶን ውስጥ «እንግዳ» (ስትሬንጅ) የሚባለውን የኳርክ ዓይነት ለመፈለግ ነበር። ያገኙት አስተዋጽኦ ትንሽ፣ ከዜሮ ጋር የሚስማማ ነው። ጥያቄው ከሞላ ጎደል ስለተዘጋ በእሱ አዲስ ርዕስ መጀመር አልመክርም። ያተረፉልን ግን ዘዴውን ነው።

የዘዴው ትልቁ ወራሽ ኪው-ዊክ ይባላል። በጄፈርሰን ላብ ከ2010 እስከ 2012 ዳታ ሰብስቦ በ2018 የመጨረሻ ውጤቱን አሳተመ፦ አለመመጣጠኑ በቢሊዮን 226.5 ሲሆን የስህተት ወሰኑ 7.3 በስታቲስቲክስ፣ 5.8 በአሠራር (ከመሣሪያና ከዘዴ የሚመጣ) ነው። ከዚህ የተገኘው የፕሮቶን ደካማ ቻርጅ 0.0719 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.0045 ነው፤ መደበኛው ሞዴል የሚባለው የቅንጣቶች ቲዎሪ የሚተነብየው 0.0708 ነበር። ጨረሩ 1.16 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት፣ ከረንቱ 180 ማይክሮአምፔር፣ የሃይድሮጅኑ ርዝመት 35 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ጨረሩ በፈሳሹ ውስጥ ከ2 ኪሎዋት በላይ ሙቀት ያራግፋል። ፈሳሹ እንደ ድስት ቢንተከተክ የእያንዳንዱ አረፋ መዋዠቅ መለኪያውን ያበላሻል፤ ስለዚህ ቀዝቃዛውን ፈሳሽ በፍጥነት ማዟዟርና ስፒኑን በሰከንድ 960 ጊዜ መገልበጥ ግድ ሆነ። በፍጥነት ሲገለበጥ ዒላማው ለመዋዠቅ ጊዜ አያገኝም።

የሃይድሮጅን ደካማ ጎን ኢነርጂው ከፍ ሲል ይገለጣል። ኤሌክትሮኑ አንድ ፎቶንና አንድ ዜድ ቦዞን በአንድ ጊዜ ሲለዋወጥ የሚፈጠረው እርማት ፕሮቶኑ በመሃል በሚያልፍባቸው ሁኔታዎች ሁሉ ላይ ስለሚወሰን በንጹሕ ስሌት አይገኝም። ጎርሽታይን እና ሆሮዊትዝ በ2009 ይህ እርማት በኪው-ዊክ ኢነርጂ ላይ ከታሰበው በላይ መሆኑን አመለከቱ፤ ኪው-ዊክ ገና ዳታ ሳይሰበስብ የቲዎሪ ባለሙያዎች ሥራ በዛባቸው። እርማቱ ኢነርጂው ሲቀንስ አብሮ ይቀንሳል። በማይንዝ ዩኒቨርሲቲ በሜሳ ማፋጠኛ ላይ የሚዘጋጀው ፒ2 የተወለደው ከዚህ ነው፦ 155 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጨረር፣ 150 ማይክሮአምፔር፣ 60 ሴንቲሜትር ሃይድሮጅን። ኢነርጂው ሲቀንስ ግን አለመመጣጠኑም ወደ በቢሊዮን 40 ያህል ይወርዳል። የቲዎሪውን ሸክም ወደ መሣሪያው ሸክም አዛወሩት ማለት ነው፤ በእኔ ግምት ትክክለኛ ልውውጥ ነው፣ ምክንያቱም መሣሪያ በገንዘብና በትዕግሥት ይሻሻላል፣ ያልታወቀ የፕሮቶን መዋቅር ግን በትዕግሥት ብቻ አይታወቅም።

ኤሌክትሮን በኤሌክትሮን ላይ፦ ንጹሑ መንገድ

የፕሮቶን መዋቅር ካስቸገረ ፕሮቶኑን ከጨዋታው ማስወጣት ነው። ሃይድሮጅኑ በዒላማነት ይቆያል፤ የሚፈለጉት ግን ከኤሌክትሮኖቹ የተጋጩት ናቸው። ኤሌክትሮን ውስጣዊ መዋቅር አላሳየም፤ ስሌቱ እስከ ከፍተኛ ትክክለኛነት ድረስ ይሄዳል።

በስላክ የተካሄደው ኢ158 በ2005 የመጨረሻ ውጤቱን ሲያወጣ አለመመጣጠኑ በቢሊዮን 131 ነበር፤ የስህተት ወሰኑ 14 በስታቲስቲክስ፣ 10 በአሠራር። ጨረሩ 45 እና 48 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት፣ ዒላማው አንድ ሜትር ተኩል ፈሳሽ ሃይድሮጅን ነበር። የዋይንበርግ ማዕዘን በዝቅተኛ የሞመንተም ዝውውር ከዜድ ቦዞን ኢነርጂ ላይ ካለው ዋጋ የሚለይ መሆኑን በግልጽ ያሳየ ሙከራ ነው።

የሚቀጥለው፣ በጄፈርሰን ላብ በዝግጅት ላይ ያለው ሞለር፣ 11 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ጨረር ይጠቀማል። በዚህ ዓይነት ብተና አለመመጣጠኑ ከጨረሩ ኢነርጂ ጋር አብሮ ስለሚያድግ የሚጠበቀው ምልክት ወደ በቢሊዮን 33 ይወርዳል። የታቀደው የስህተት ወሰን በቢሊዮን 0.8 ነው። የተጋጩት ሁለት ኤሌክትሮኖች አንዳቸው ከሌላው አለመለየታቸውን ዲዛይኑ በብልሃት ተጠቅሞበታል፦ የማግኔቱ ጥቅልሎች ሰባት ናቸው፤ ቁጥሩ ጎዶሎ ስለሆነ አንዱ ኤሌክትሮን ጥቅልሉ ጋር ሲጋረድ ተቃራኒው ጓደኛው በክፍት በኩል ይወጣል። ግማሹ ክብ የተዘጋ ቢመስልም ምንም ክስተት አይጠፋም።

ለዚህ ሁሉ ድካም ምክንያቱ አንድ የቆየ አለመግባባት ነው። የዋይንበርግ ማዕዘን ሳይን ስኩዌር በሰርን ከቢ ኳርኮች የግንባርና የኋላ ልዩነት ሲሰላ 0.2322፣ በስላክ ከግራና ቀኝ ልዩነት ሲሰላ 0.2310 ያህል ወጣ። ሁለቱ ከስህተት ወሰናቸው በላይ ይራራቃሉ። ሞለር ወደ 0.0003 የሚጠጋ ትክክለኛነት ካገኘ ከእነሱ እኩል ድምፅ ይኖረዋል። ጥያቄዎ «ከመደበኛው ሞዴል ውጭ አዲስ ነገር አለ ወይ?» ከሆነ፣ የኔ የመጀመሪያ ምርጫ ይህ ነው። ዝግጅቱ ግን ዓመታት ይወስዳል፤ በአራት ዓመት ውስጥ ውጤት ማሳተም ያለበት ተማሪ ይህን ከአማካሪው ጋር አስቀድሞ ይነጋገር።

እርሳስና ካልሲየም፦ ማዕዘኑን ትተው ኒውትሮኑን ሲፈልጉ

እዚህ ጥያቄው ይገለበጣል። ደካማው ኃይል አሁን የሚመረመረው ሳይሆን መመርመሪያው ነው። በከባድ አስኳል ውስጥ ከፕሮቶን የበዙት ኒውትሮኖች ወደ ጠርዝ ተገፍተው ቀጭን የኒውትሮን ቆዳ ይሠራሉ። ፎቶን ኒውትሮንን በደንብ ስለማያይ ውፍረቱን በኤሌክትሮማግኔታዊ መንገድ መለካት አይቻልም፤ በፕሮቶን ወይም በፓዮን መደብደብ ደግሞ የጠንካራውን ኃይል ውስብስብነት ያስከትላል። ዜድ ቦዞን ግን ኒውትሮኑን በቀጥታ ያያል።

በጄፈርሰን ላብ የተካሄደው ፕሬክስ 2 በ2021 ባሳተመው ውጤት፣ በእርሳስ 208 ላይ አለመመጣጠኑ በቢሊዮን 550 ሆኖ የኒውትሮን ቆዳው 0.283 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.071 ፌምቶሜትር ወጣ። ወፍራም ቆዳ ነው። ኒውትሮን የበዛበት ቁስ ሲጨመቅ ምን ያህል እንደሚገፋ የሚነግረን ቆዳው ስለሆነ፣ ውጤቱ የኒውትሮን ኮከብ ስፋት እስከ መተንበይ ይደርሳል። አሥር ኪሎሜትር ያህል ራዲየስ ያለውን ኮከብና አምስት ፌምቶሜትር ተኩል ራዲየስ ያለውን አስኳል አንድ ስሌት ያገናኛቸዋል።

ከዚያ ክሬክስ መጣ። በ2022 በካልሲየም 48 ላይ ያወጣው ቆዳ 0.121 ፌምቶሜትር ነው፤ ቀጭን። እርሳሱን በደንብ የሚያስረዱት የኒውክሊየር ሞዴሎች የካልሲየሙን ቆዳ ያወፍሩታል፤ ካልሲየሙን የሚያስረዱት እርሳሱን ያቀጥኑታል። ሁለቱን አንድ ላይ በምቾት የሚይዝ ሞዴል ማግኘት ከባድ ሆኗል። ርዕስ ለሚፈልግ ተማሪ ይህ ከሁሉ የተሻለ ዜና ነው፤ ያልተፈታ ነገር ያለው እዚህ ነው።

በሁለቱ መካከል ሲመርጡ፦ እርሳስ ለኮከብ ፊዚክስ ይቀርባል፣ ብዙ ኑክሊዮን ስላለው ግን ከመሠረታዊ የኑክሊዮን ኃይሎች ተነስቶ ማስላቱ አድካሚ ነው። ካልሲየም 48 ሃያ ፕሮቶንና ሃያ ስምንት ኒውትሮን ብቻ ስለያዘ ስሌቱ ከመሠረቱ ሊጀመር ይችላል። በዒላማነት ሁለቱም ያስቸግራሉ። እርሳስ በ327 ዲግሪ ስለሚቀልጥና ሙቀት በደንብ ስለማያስተላልፍ በቀጫጭን የአልማዝ ንጣፎች መካከል ተጣብቆ ይቀዘቅዛል። ካልሲየም 48 ደግሞ ከተፈጥሮ ካልሲየም ውስጥ 0.2 በመቶ ገደማ ብቻ በመሆኑ ውድ ነው። በተጨማሪ፣ አስኳሉን የሚያነቃቁ ግጭቶች ከንጹሕ ብተናው ተለይተው መውጣት ስላለባቸው ትክክለኛ የማግኔት ስፔክትሮሜትር ይፈለጋል።

ማፋጠኛ ከሌለ

ሴሲየም አለ። በኮሎራዶ ቦልደር በ1997 የታተመው፣ የፓሪቲ ጥሰትን በሴሲየም አቶም ውስጥ በሌዘር የለካው ሥራ 0.35 በመቶ ትክክለኛነት ላይ ደርሷል፣ ያውም አንድ ክፍል ውስጥ በሚገባ መሣሪያ። ከፕሮቶን መለኪያ ጋር ሲጣመር የላይና የታች ኳርክ ደካማ ትስስሮችን ለይቶ ያወጣል፤ ብቻውን ይህን አይችልም። ጉልበት የሚጨርሰው ክፍል የ55 ኤሌክትሮኖች ስሌት ነው። ሌዘር የሚወድና በጥቂት ሰው ቡድን መሥራት የሚመርጥ ሰው ይህን ይይ።

ከዒላማው በኋላ የሚመጡ ሁለት ምርጫዎች

መቁጠር ወይስ ማጠራቀም? እያንዳንዱን ኤሌክትሮን ለይቶ መቁጠር ከሌላ ምንጭ የሚመጡ ምልክቶችን ለማጣራት ይጠቅማል፤ የማይንዙ ኤ4 እና የጄፈርሰን ላብ የዲዩቴሪየም ሥራ በዚህ ሄደዋል። በሰከንድ ቢሊዮን ሲደርስ ግን ቆጣሪው ይታነቃል። ኪው-ዊክ ስምንት ባለ ሁለት ሜትር የኳርትዝ ዘንጎች ተጠቅሞ የብርሃኑን ድምር ከረንት ብቻ አነበበ። ጥቅሙ ፍጥነት ነው፤ ጉዳቱ ማን የት እንደመታ አለመታወቁ ነው፣ ስለዚህ በዝቅተኛ ከረንት የተለየ የመከታተያ ሥራ ይጨመራል። ከበቢሊዮን መቶ በታች ለመውረድ የሚያስብ ሰው ማጠራቀምን ይምረጥ።

የስፒን አሰላለፉን መለኪያስ? የኮምፕተን መለኪያ ጨረሩን ከሌዘር ጋር ስለሚያጋጭ ሥራው ሳይቋረጥ ይለካል፤ አቅሙ ግን ከኢነርጂው ጋር ያድጋል፣ በ11 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ጥሩ፣ በ1 ላይ አስቸጋሪ። በብረት ቅጠል ላይ የሚደረገው የሞለር መለኪያ (ከላይ ከተጠቀሰው የሞለር ሙከራ የተለየ ነው) በሁሉም ኢነርጂ ይሠራል፤ ግን ሥራው እየተቋረጠ በዝቅተኛ ከረንት የሚደረግ ነው። የሚቻል ከሆነ ሁለቱንም። ሁለት መለኪያዎች ሲለያዩ የሚፈጠረው ራስ ምታት አንድ መለኪያ ብቻ ይዞ በመተማመን ከመሳሳት ይሻላል።

ውጤት አንባቢ ብቻ ለሆነ ሰው ደግሞ የማነጻጸሪያ መንገዱ አጭር ነው። ጽሑፉን ሲከፍቱ የስታቲስቲክሱን ስህተት ከአሠራሩ ስህተት ጋር ያስተያዩ፤ ከዚያ ከአለመመጣጠኑ ወደ ደካማ ቻርጁ ወይም ወደ ቆዳው ለመሻገር የተጠቀሙበትን የቲዎሪ እርማት መጠን ይፈልጉ። በኪው-ዊክ ከተለካው ምልክት ሰባ በመቶ ያህሉ የደካማ ቻርጁ ነው፤ ቀሪው የፕሮቶን መዋቅር ነው፣ እሱም ከቀደሙት የእንግዳ ኳርክ ሙከራዎች ተበድሮ የተሞላ። በክሬክስ የሞዴል ስህተቱ 0.024፣ የሙከራው 0.026 ስለሆነ ሁለቱ ሊተካከሉ ምንም አልቀራቸውም፤ እዚያ የጨረር ሰዓት ቢጨመር ብቻውን ብዙ አያሻሽልም። በሞለር ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ የጨረር ሰዓት ዋጋ አለው።